ሁልጊዜ ሃያ አምስት

እኛ ሰዎች «እንዴት ነህ?» ሲሉን ለመመለስ የምንፈጥነውን ያህል በሌላውም ነገር ብንፈጥን ኖሮ የት በደረስን! ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይቀድማል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጥርሱ አብጦ ሎሚ የጎረሰ የመሰለ ሰው እንኳ በዚያው ባበጠ ጉንጩ «ደህና ነኝ» ይላል። ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ነፋስ የቤቱን ቆርቆሮ ገንጥሎ አጥሩ ላይ ሰቅሎበት ሳለ «እንዴት አደራችሁ?» ስለው፣ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየና «ደህና ነን፣ ብቻ ትንሽ ነፋስ ነበር» አለኝ። አልቀለድኩም። ምስጋናው ባልከፋ። ክፋቱ ይህ ልማድ ከአፋችን ወርዶ እስክሪብቷችን ውስጥ የገባ ዕለት ነው። እንዴት እንደገባ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ምክንያቱም ካስገቡት አንዱ እኔ ነኝ።

የምሠራው ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የሽሮ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ የጭስ ማውጫ አታስቡ። ድሮ ጋራዥ የነበረ አዳራሽ፣ በጋዝ የሚሽከረከር አንድ መቁያ በርሜል፣ ሁለት ወፍጮ፣ አንድ ማሸጊያ ማሽን፣ አሥራ ምናምን ሠራተኛ፣ ከዚያ እኔ። የሥራ መደቤ «ጥራት ተቆጣጣሪ» ይባላል። ነጭ ጋዋን አለኝ። ነጭ ጋዋን በሰፈሬ በቁስቋም ያለውን ክብር ስለማውቅ አንዳንዴ ሳላወልቀው ታክሲ እሳፈራለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ እናት እጅጌያቸውን ሰብስበው ስለ ደም ግፊታቸው አማከሩኝ። «ጨው ይቀንሱ» አልኳቸው። ለሽሮም ለሰውም የሚሆን ምክር ነው።

የሽሮን አሠራር ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። አንዲት ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ፤ ከወፍጮ የወጣ ሽሮ ትኩስ ነው። ትኩሱን በላስቲክ ካሸጉት ውስጥ ለውስጥ ያልበዋል። ላቡ ዱቄቱን ያጓጉለዋል፣ ሰንብቶም የታፈነ ሽታ ያመጣበታል። ስለዚህ ሽሯችን በሰፋፊ ትሪ ላይ ተሰጥቶ ያድራል። ጠዋት እኔ በቴርሞሜትር እለካዋለሁ፣ ከሠላሳ ዲግሪ በታች መሆኑን አይቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ይታሸጋል። ደንቡ ይህ ነው።

ደንቡ።

ቴርሞሜትሩ ከሦስት ዓመት በፊት ሲሰጠኝ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነበር። ውድ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ቀን በጥንቃቄ አውጥቼ ለካሁ፤ ሃያ አምስት አለ። ከዚያ እንዳይበላሽ ብዬ መልሼ ላስቲኩ ውስጥ ከተትኩና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሶፋቸውን ከነላስቲኩ አሥር ዓመት የተቀመጡበት፣ የቴሌቪዥን ሪሞታቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ ሰዎች ይረዱኛል። በማግሥቱ መዝገቡን ስከፍት ሃያ አምስት የምትለዋ ቁጥር ከላይ ሆና አየችኝ። ደስ የምትል፣ ማንንም የማታስቀይም ቁጥር ናት። እሷኑ ጻፍኩ። በሠልስቱም ጻፍኩ። እንዲህ እያልን፣ ሽሮው እንዴት አደርክ በተባለ ቁጥር እኔ ስለ እሱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩለት ሦስት ዓመት ኖርን። የፋብሪካው ባለቤት ጋሽ ተካልኝም በየወሩ መጨረሻ ከገጹ ግርጌ «ታይቷል» ብለው ይፈርሙበታል።

ታዲያ አምና ከፋሲካ በኋላ፣ ገበያው ቀዝቅዞ እሽጉ ሱቅ ውስጥ መሰንበት ሲይዝ፣ ሽሮ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ከአዲሱ ገበያ አንድ ካርቶን፣ ቀጥሎ ከሽሮ ሜዳ ሦስት። የሽሮ ሜዳዋ ባለሱቅ እሽጉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል ስታደርገው ጓ አለ። «ይሄ በማንኪያ ነው ወይስ በመዶሻ የሚጨለፈው?» አለችኝ። ነገሩን ግራ የሚያጋባው ሁሉም አለመበላሸቱ ነው። የአንዱ ቀን ሽሮ ጥሩ ነው፣ የሌላው ቀን ይጓጉላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ለሁለት ሳምንት አማን ይሆናል። ጋሽ ተካልኝ ወፍጮውን አስፈቱ፣ ላስቲኩን አስቀየሩ፣ ጸበልም አስረጩ። ሽሮው መመለሱን ቀጠለ።

ይኼኔ ልጃቸው ቤዛ መጣች። ቤዛ ኮምፒውተር የተማረች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። «አባዬ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንጠይቀው» አለች። በሌላ አገር የምግብ ፋብሪካዎች ዕቃ ሲበላሽባቸው መዝገቦቻቸውን ሁሉ ለእሱ ሰጥተው ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ያስመረምሩታል አለችን። ጋሽ ተካልኝ ስሙ ረዘመባቸውና «ሊቁ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሊቁ ሆኖ ቀረ።

ቤዛ የሦስት ዓመት ደብተሮቻችንን ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳች። የመቁላቱን፣ የወፍጮውን፣ የእኔውን የማቀዝቀዣ፣ የማሸጊያውን፤ የተመለሱትንም ዝርዝር ጨመረች። ባለቤቴ እንኳ ማንበብ ያቃታትን የእጅ ጽሑፌን ሊቁ አነበበው። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ መልሱ ላፕቶፑ ላይ ወጣ፣ ቤዛም ጮክ ብላ አነበበችው። የመበላሸቱ ምክንያት በአብዛኛው ከመቁላቱ ሥራ መለዋወጥ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም፣ ይላል።

ሽሮውን የሚቆሉት እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። አዳራሹ ገና የሞተር ዘይት ይሸት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ በርሜሉ አጠገብ የቆሙ፣ አተር መድረሱን በአፍንጫቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ደብተር ብታዩት ትስቃላችሁ። «ዛሬ አተሩ እርጥብ ነበር፣ ሩብ ሰዓት ጨመርኩ።» «ዛሬ ትንሽ አረረብኝ፤ ያረረውን ለይቻለሁ።» «ዛሬ ጋዙ ሁለቴ ጠፋብኝ፣ አልወደድኩትም።» በደብተራቸው ውስጥ «ደህና» የሚል ቃል ያለው ደህና በሆነበት ቀን ብቻ ነው።

እስቲ አሁን እናንተ ሊቁን ሁኑ። አራት ደብተር ቀረበላችሁ። ሦስቱ ዘወትር ደህና ናቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ራሳቸውን አሟቸው አያውቅም። አንዱ ብቻ ዛሬ አረረብኝ፣ ትናንት ረጠበብኝ ይላል። በሽተኛው የቱ ነው ትላላችሁ? ሊቁም ያለው ይህንኑ ነው። በመላው ፋብሪካ እውነቱን የጻፉት አንዲት ሴት ናቸው፤ የተከሰሱትም እሳቸው ሆኑ።

ጋሽ ተካልኝ ክፉ ሰው አይደሉም። «ዕድሜ ነው፣ አይፈረድባቸውም» አሉ በሐዘን። «ወሩ ሲያልቅ ወደ ወንፊቱ ይዛወሩ። ለመቁላቱ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።» ተነሥተው ወጡ፣ ቤዛም ተከተለቻቸው። ላፕቶፑ ግን እንደተከፈተ ነበር። እኛ ደብዳቤ ስናነብ ውሳኔውን እንጂ ግርጌውን አናይም፤ እኔ ያን ዕለት ምን እንዳሳየኝ አላውቅም፣ ወደ ታች ወረድኩ። እንዲህ ይላል፦ «ማሳሰቢያ፤ የማቀዝቀዣው መዝገብ ለሦስት ዓመት አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል። ይህ የተለመደ አይደለም። መለኪያው በትክክል መሥራቱን ያረጋግጡ።»

መለኪያው! የሊቁን ጨዋነት ተመልከቱልኝ። እኔን አልጠረጠረም፣ ቴርሞሜትሩን ጠረጠረ።

እዚያው ሮጬ ጋሽ ተካልኝን ተከትዬ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ፈራሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሰለኝ፤ ልዩነቱ እኔ ያረረውን የራሴን ለእትዬ አስካለ አሸክሜ መቀመጤ ብቻ ነው። በመስኮቱ ሳያቸው ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው በርሜሉን ያዞራሉ። አንድ እፍኝ አውጥተው አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መልሰው ጨመሩት። ሃያ አምስት ብዬ የጻፍኩባቸው ገጾች ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቴን አጋዩት።

መሳቢያውን ከፈትኩ። የቴርሞሜትሩን ላስቲክ በጥርሴ ቀደድኩት። ከዚያ ወደ ጋሽ ተካልኝ ሄድኩ።

«በእትዬ አስካለ ላይ ከመወሰንዎ በፊት ይህን ወር ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ሊቁ ተናገረ እኮ፣ ደምሴ!»

«ሊቁ የተናገረው እኛ የነገርነውን ነው።»

ይህን ስል ከእውነቱ ግማሿን የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ግማሽ እውነት እንደ ግማሽ ጫማ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ወሩን ግን ሰጡኝ፣ እኔም ማልኩ፤ በዚህ ወር አንዲትም ቁጥር ሳልለካ አልጽፍም፣ ሰማይ ቢወርድ።

መለካት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ሃያ አራት፣ በማግሥቱ ሃያ ሰባት፣ ከእንጦጦ ብርድ በወረደ ሌሊት ማግሥት አሥራ ዘጠኝ። ሽሮ ለካ እንደ ሰው ቀን ቀን አለው! አሻጊዎቹ ከትሪ ትሪ ሳጎነብስ እያዩ ይሳሳቃሉ። «ትኩሳት አለው ወይ፣ ዶክተር?» ትለኛለች አንዷ። እኔም ቁጥሬን እጽፋለሁ። እንዲህ ሆነን ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ደረስን።

አምስተኛው ቀን ምን ቀን እንደሆነ የእኛ ሰፈር ሰው አይጠየቅም። በማግሥቱ ስድስት ነው፣ ቁስቋም ናት። ሃያ ደግሞ የማርያም ዋዜማ ነው። በእነዚህ ሁለት ዋዜማዎች አንድ የቆየ ልማድ አለን። ነገ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ፣ በዕለቱ የተፈጨው ሽሮ ሳያድር፣ በዚያው ቀን ሳይመሽ ታሽጎ ይወጣል፤ እኛም ነገ ረፈድ አድርገን በሰላም እንገባለን። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከለከለውም። የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር ተብለን ያደግን ልጆች ነን። ማደር ያለበትን ነገር ሁሉ እንድናሳድር የነገረን ግን የለም።

ቴርሞሜትሩን ትሪው ላይ ሰካሁ። አርባ አንድ አለ።

«ይህ ሽሮ አይታሸግም» አልኩ።

አሻጊዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ መሳቃቸውን ተዉ። ዶክተር የምትለኝ ልጅ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ነገ ቁስቋም ናት እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ዓመት ስናሽግ ምን ሆነ? ምነው፣ እምነት ቀየርክ እንዴ?»

ሦስት ዓመት ስናሽግ ምን እንደሆነ ባወቀች! እኔም ያን ጊዜ በአንድ ቅጽበት ገባኝ። አሥር እሽግ ብቻ ከነትኩሱ አሳሸግኩና በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩባቸው። የቀረው ይደር አልኩ። «ጠዋት ማን ያሽገዋል?» አሉኝ ባንድ ድምፅ። «እኔ» አልኩ።

በነጋታው የቁስቋም ደወል ከላይ ሲወርድ እኔ ማሸጊያው ማሽን ላይ ተደፍቼ ነበር። ዕድሜ ልኬን በስድስት ከቅዳሴ ቀርቼ አላውቅም። ማሽኑ ከእኔ ጋር አልተግባባም፤ አንዱን እሽግ ሲያቃጥል ሌላውን ክፍቱን ይተፋል። ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ ገቡ። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ጸሎታቸው እሑድ በቸርቻቸው አዳራሽ ስለሆነ ቁስቋም አይወጡም፤ በዓል ሆነም አልሆነ በሰዓታቸው ይገባሉ። አዩኝ፣ እጃቸውን ታጥበው ከወዲያ በኩል ተቀመጡ። እሳቸው ይሞላሉ፣ እኔ አሽጋለሁ።

ትንሽ ቆይቼ «እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ወሩ ሲያልቅ ወንፊት ላይ ነዎት አሉኝ» አሉ ከእጃቸው ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አልከፋኝም ብልህ ውሸት ነው። ከፍቶኛል። እነሱ ዓይኔ ደክሟል ይላሉ፤ እኔ በዓይኔ መች ቆልቼ አውቃለሁ?» የሞሉትን እሽግ ወደ እኔ ገፉልኝ። «ደብተሬን ግን ስጡኝ ብያቸዋለሁ። እሱን ቤቴ ይዤው እሄዳለሁ።»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ጎበዝ ነኝ።

በሃያኛውም ቀን እንዲሁ አደረግኩ። ያን ዕለት ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ አሥር እሽግ ትኩሱን፣ የቀረው ይደር። አሻጊዎቹ ተነጫነጩ፣ እኔም ከአቋሜ ንቅንቅ አላልኩም። ወሩ ሊያልቅ ሲል ከአምስተኛው ቀን ከሁለቱም ዓይነት ያስቀመጥኳቸውን እሽጎች ከመደርደሪያዬ አውርጄ ከፈትኳቸው። አድሮ የታሸገው በጣቶቼ መሃል እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ቀይ ምልክት ያለው ጓጉሏል፣ ሽታውም መለወጥ ጀምሯል። ሁለቱም ከአንድ በርሜል፣ ከአንድ ቀን፣ ከእትዬ አስካለ እጅ የወጡ ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሽሮን ያልጨመሩት ረስተው ይሆናል።

እሽጎቹንና አዲሱን መዝገብ ይዤ ወደ ቢሮ ወጣሁ። ቤዛ ቁጥሮቹን አስገባች። በዚያውም አንድ ነገር ትዝ አላት። ቀድሞ የተመለሱት ሽሮዎች የታሸጉባቸውን ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጣ ነበር የዘረዘረችው፤ አሁን እንዳሉ በእኛ አስገባቻቸው። በፈረንጅ ወዲያና ወዲህ ተበታትነው የነበሩት የተመለሱ ሽሮዎች በእኛ ሲሆኑ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበሰቡ። ሊቁም ጠየቀን፦ «በወሩ አምስተኛና ሃያኛ ቀን በሥራ ቦታችሁ የተለየ ምን ይደረጋል?»

ጋሽ ተካልኝ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። በስድስት ቅዳሴ ከፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ስለዚህ የእትዬ አስካለ ጥፋት አይደለም» አሉ እጃቸውን አውርደው።

«አይደለም።»

«ታዲያ ይሄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሃያ አምስት የሚለውስ? በነዚያም ቀኖች ሃያ አምስት ነው የሚለው። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው?»

ድልድይ ተዘረጋልኝ ማለት ነው። «አዎ፣ ተበላሽቶ ነበር» ብል በሰላም እሻገራለሁ፣ ቴርሞሜትርም አፍ የለው። አንድ ወር ሙሉ የተለማመድኩት ግን ለዚህች ቀን ኖሯል።

«አልተበላሸም» አልኩ። «አልተነካም። ላስቲኩን የቀደድኩት በዚህ ወር ነው። ቁጥሩን ከወንበሬ ሳልነሣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ተካልኝ ፊታቸው ቀላ። ሊጮኹብኝ አፋቸውን ከፈቱ፣ ማስረጃም ሊያሳዩኝ መዝገቡን ገለጡ። አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገጽ ገለጡ፣ ሦስተኛውን ገለጡ። በየግርጌው የራሳቸው ፊርማ አለ። «ታይቷል።» አፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። ቤዛ ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልጠየቅኳትም።

እትዬ አስካለ ተጠሩ። ጋሽ ተካልኝ ከወንበራቸው ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ። በርሜሉ ጋ እንዲቆዩ፣ በዋዜማ ቀንም የሚፈጨው ሽሮ አድሮ ከቅዳሴ መልስ እንዲታሸግ ተወሰነ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁመው፣ «እኔ ሦስት ዓመት ሳላይ ታይቷል ስል ኖሬያለሁ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሰውዬ መዝገብ እርስዎ ይዩልኝ። በየቀኑ ይፈርሙበት።»

እኔም የቀረኝን ተናገርኩ፤ በእሳቸው ላይ የወደቀው የእኔ እንደነበር፣ ያን የቁስቋም ጠዋትም አውቄ ዝም እንዳልኩ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«እ» አሉ። እውነት ለመናገር ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ስንሰማ የምናስበው ስለ ሐኪም ነው። ሊቁም ሐኪም ነው፤ ጥበቡን አልክድም፣ የሸሸግኩትን እንኳ ከግርጌ ነክቶልኝ ነበር። ደህና ነኝ የሚል በሽተኛ ከገጠመው ግን አጠገቡ ያለውን ጤነኛ አልጋ ላይ ያስተኛል። ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ስለዚህ በሁሉ ነገር እውነተኛ ልሆን ቆረጥኩ፣ በሰላምታም ቢሆን።

በማግሥቱ ጠዋት በር ላይ እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። «እንዴት አደርክ?» አሉ።

«እንጃ» አልኩ ረጋ ብዬ። «ወገቤን ቆንጥጦኝ አደረ። እንቅልፍም እምብዛም አልወሰደኝም። ከባለቤቴም ጋር ትናንት ትንሽ…»

«ሰላምታ ነው እኮ የሰጠሁህ!» አሉኝ። «ምርመራው እዚያ ነው፣ ትሪው ላይ። ና ለካ።»

ተከተልኳቸው። ቴርሞሜትሩን ሰካሁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ደግሜ አየሁት። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

«ስንት አለ?» አሉ፣ ሊፈርሙ መነጽራቸውን እያደረጉ።

«ሃያ አምስት» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንደገና ለካ» አሉኝ።